የግራ ባት ልክ

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ አላቋርጥ አለ፤ እኔ ልብስ ሰፊው የሚያሰፋ ሰው አጥቼ ኪሴ ባዶ ነበር። ሴት ልጃችን በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት የሚስቴ ግራ እግር አበጠ። «ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። ነገ ላይ አልደረሰችም። ያች የሐኪም ቤት መንገድ ዕዳ ሆና ቀረችብኝ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በመስፊያ ቤቴ ልጄን ለሥራ ሱሪዋ እየለካኋት ነበር። ውኃ ቆጣሪ አንባቢ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ትወጣለች። አንዲት ነርስ ኮት ልታሳጥር መጥታ ተራዋን ትጠብቃለች።

ቀኝ ባቷ ሠላሳ አምስት ሴንቲ፣ ግራው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ደግሜ ለካሁ።

«አባዬ፣ ሜትርህ አርጅቷል» አለች ልጄ እየሳቀች። «ከመቆም ነው ያበጠው። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ደረጃው ያስለከልከኛል።»

ነርሷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

ልጄ እኔን አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «የወሊድ መከላከያ ክኒን። ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ።»

«ይኸው!» አልኩ። «ደም ያረጋል፣ ጉልበት ይበላል ሲባል አልነበረም? ክኒኑን ጣይውና ጋደም በይ፤ እግርሽን ላሽልሽ።»

«እንዳይነኩት አባባ! የረጋ ደም ከሆነ ተነቅሎ ሳንባ ይገባል» አለች ነርሷ።

«ታዲያ ክኒኑ መርዝ አይደለም?»

«አይደለም። የአብዛኞቹን ሴቶች ጉልበት አይነካም፤ ወስደውት የሚሮጡ አሉ። ጥቂቶች ላይ ግን ደም ያረጋል፤ በተለይ የሚያጨሱ፣ ግፊት ያለባቸው፣ በዘራቸው ደም መርጋት የታየባቸው ላይ። ስለዚህ ነው አስቀድመን የምንጠይቀው። ክኒኑን ሲሰጡሽ ጠይቀውሽ ነበር፣ እህቴ?»

«ጠይቀውኛል። በቤተሰብ የለም አልኩ።»

ሜትሩን አስቀመጥኩ።

«እናትሽ በወሊድ ሞተች ብዬሽ ነበር። እግሯ እንዲህ አብጦ እንደነበር አልነገርኩሽም።»

ነርሷ ወደ በሩ አመለከተች። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት።»

«ነገ…» ብዬ ጀመርኩ። ለእናቷም ያልኩት ይህንኑ ነበር። «ኮትሽ ይቆይ፣ ሲስተር» ብዬ ታክሲ ጠራሁ።

ሐኪሙ የእግሯን ደም ሥር በአልትራሳውንድ ማሽኑ ስክሪን ላይ አሳየኝ። ደሙ እየፈሰሰ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት ሰውን ከውጭ ስለካ ኖሬ፣ ከቆዳ ሥር ይህን የመሰለ ወንዝ መኖሩን አላውቅም ነበር። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «ሳንባዋ ላይም ጥቂት ደርሷል» አለኝ፤ «በጊዜ መጣችሁ።»

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወራት ወሰደች። መከላከያዋም ደም በማያረጋ በሌላ ዓይነት ተለወጠላት። ዛሬ ሴቶች ለልክ ሲመጡ አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ድንገት ቢያጥር ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ እላለሁ። የእናታችሁን በሽታም ጠይቁ እላለሁ። አንዳንዷ ትስቅብኛለች፤ ትሳቅ።

በቀደም በአንድ ሕንፃ በር ሳልፍ «አባዬ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ። ልጄ ስድስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆማለች፤ ድምፅዋ በትንፋሽ አልተቆራረጠም።

እናቷን ያልወሰድኩበትን መንገድ ከእሷ ጋር ሄድኩት።