ወፍ ዘራሹን ነቅዬ ያመጣሁት ጣጣ

እዚህ ቡሬ፣ የጎረቤታችን የእማማ ጥሩዬ የጥቅል ጎመን ችግኝ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ስነካው ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ጥንዚዛ እንደ ቁንጫ ተስፈንጥራ ጠፋች። በስልኬ ያነበብኳትን በዓይኔ ሳያት እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ! «እማማ፣ የምትዘለው እኮ የኋላ እግሯ ወፍራም ስለሆነ ነው። የምትራባው ደግሞ እዚያ ዳር ያለው ወፍ ዘራሽ ጎመንዘር ላይ ነው» ብዬ አንድ ሳላስቀር ነቀልኩት። «ልጄ፣ ዘሬ አልቋል፤ ይሄ ችግኝ ከጠፋ ሌላ የምተክለው የለኝም» አሉ። «አይስጉ!» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ብመለስ ጥንዚዛው ሁሉ ችግኙ ላይ ሰፍሯል። እማማ ወገባቸውን ይዘው፣ «ቤታቸውን አፍርሰህ እኔ ጋ አስገባሃቸው! ያን የተውኩት ሰንፌ መሰለህ? እሱን ሲበሉ የኔን ይተዉልኛል ብዬ ነበር» አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን ጓጓሁ። «ማን ነገረዎት?» «ዓይኔ ነዋ!» ጥንዚዛው እንዲሸሽ ጤዛው ሳይደርቅ አብረን ችግኙ ላይ አመድ ነሰነስን፤ እኔም ከቤት ጎመንዘር አምጥቼ ዳር ዳሩን ዘራሁ። ግማሹ ችግኝ ተረፈ። ጎመንዘሩ ብቅ ብሎ የመጀመሪያዋ ጥንዚዛ ዘላ ስታርፍበት እማማን ጠራኋቸው። «በል እንግዲህ፣ አሁን አስረዳኝ» አሉ እየሳቁ።