ለካምፑ ብቻ የተከፈተ በር

አያ ሳዲቅ በዚያ ማለዳ ወደ ካምፑ በር የሄዱት ዳቦ ሊሸጡ አልነበረም። ዳቦ ይገዛቸው የነበረው ጦር ከመካነ ሰላም ከለቀቀ አምስት ወር ሆኖታል። እግር የለመደውን ግን ልብ ቶሎ አያስተወውም፤ ሱብሂ ሰግደው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሰንሰለት የታሰረበትን የብረት በር አየት አድርገው ይመለሳሉ። ያን ቀን በሩ አጠገብ ደብተር የያዘች ሴት ቆማ አገኙ። የጎረቤታቸው የአቶ ይሄነው ልጅ ይርገዱ ናት፤ ደሴ ተምራ መጥታ በከተማው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተቀጥራለች።

«አሰላሙ አለይኩም አያ ሳዲቅ፣ እንዴት አደሩ?»

«ወአለይኩም ሰላም ይርጌ፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺም ይህን በር ልትሳለሚ መጣሽ?»

ሳቀች። «እኔ የምሳለመው በር ሌላ ነው። ካምፑ ሲሄድ ሥራ የቀዘቀዘበትን ነጋዴ እየመዘገብኩ ነው። እርስዎን ከላይ ጽፌዎታለሁ።»

«እኔን ሰርዢኝ። ሰኞ ከደሴ የሚመጣ ሰው የምድጃውን ብረትና የሊጥ ማቡኪያውን ይወስዳል። እኔና ሀጀራ ኮምቦልቻ ልጃችን ጋ እንገባለን።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከሰንሰለቱ አላነሱም። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላውን ሲያበላ የኖረ ሰው፣ በስተርጅና የምራቱን እጅ ሊያይ ነው።

«ምነው? ሰው ዳቦ መብላት ተወ እንዴ?»

«ጦሩ ሄደ፤ ሪዝቃችንም፣ እንጀራችንም ተከትሎት ሄደ። አንድ መላ ብቻ ነው ያለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጦሩ ይመለስልን ብሎ ማመልከት። ትጽፊልኛለሽ?»

«መጻፉን እጽፋለሁ። ግን ልጠይቅዎ፤ ጦሩ ሲመጣ እርስዎን አማክሮ ነበር?»

«ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ!»

«ሲሰፋስ? ያን ጊዜ ገበሬው ባቄላውን ትቶ ማሳውን ሁሉ ጥቅል ጎመን አደረገው። የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ። ሲሄድ ደግሞ ጎመኑ ማሳው ላይ በሰበሰ። አያ ሳዲቅ፣ የጦር መምጣትም መሄድም የአገር ጉዳይ ነው፤ እኛ ስላልን አይሆንም። በእጃችን ያለው የራሳችን ቤት አያያዝ ነው።»

«የኔ ቤት ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ፊቱ ለካምፑ ነው፤ ጀርባው ለአገሩ ሁሉ።»

እውነቷን ነበር። በዚያ ረድፍ ያሉ ሱቆች ሁሉ የተሠሩት በራቸውን ወደ ካምፑ አድርገው ነው። ኋላ አዲሱ መንገድ በጓሯቸው ሲያልፍ አንዳቸውም ዞር አላሉም። ከአቀስታ የሚመጣው ሚኒባስ ተሳፋሪውን የሚያራግፈው በአያ ሳዲቅ ግድግዳ ሥር ነው። ብርድ ያቆራመደው መንገደኛ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከጭቃው ወዲያ ትኩስ ዳቦ አለ ብሎ የሚነግረው የለም።

«ጓሮህን ብሳው ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ በር ያውጡለት።»

አያ ሳዲቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ቀለሙን ስትለቅሚ አገሩን ረሳሽው! ሁለት በር ባለው ቤት በረከት አያድርም። በፊት የገባው በጓሮ ይወጣል። አባቴ ያሉኝ ይህንን ነው፤ ያንቺም አያት ይህንኑ ነበር የሚሉት።»

«ብለዋል፣ አልክድም። አያቴ ያን የሚሉት ግን እህል ለሚከተትበት ቤት ነበር። እህል ቢቀመጥ ይከርማል። ዳቦ ቢቀመጥ ይሻግታል። የዳቦ በረከቱ መውጣቱ አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌ በቃል ቢረታ እንኳ በልቡ ይከራከራል። ወደ ቤት እየሄዱ ሌላ ሰበብ አነሡ።

«ደግሞስ ዳቦዬ የወታደር ዳቦ ነው። ለአሥር ሰው የሚቆረስ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ። መንገደኛ ይህን የት ይሸከመዋል?»

«አነስ አድርገው ይጋግሩት፤ ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርገውበት።»

«አዝሙድ አልሽኝ? አዝሙዱንማ አይጥ ጨረሰው! ወር ይበቃ የነበረው ይኸው ሳምንት አይሞላም። ወጥመድ ባጠምድ፣ ድመት ባመጣ፣ ወይ ፍንክች!»

«እስቲ በጓሮ ዞረን እንግባ» አለች ይርገዱ።

ሚኒባሱ አሁን መድረሱ ነበር። አንዲት መንገደኛ ሴት ከመኪናው ወርዳ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደችና ለጭስ መውጫ ከተተወችው ቀዳዳ ሥር በጠጠር ሁለት ጊዜ ቆረቆረች። ከቀዳዳው እጅ ወጣ። እጁ ላይ አዝሙድ የተነሰነሰባት፣ እንፋሎቷ የሚታይ ትንሽ ዳቦ ነበረች፤ ጣቱ ላይ የብር ቀለበት። አያ ሳዲቅ ያንን ቀለበት ያጠለቁት በራሳቸው እጅ ነው።

«ሀጀራ! አይጧ አንቺ ነሽ?»

እጁ ዳቦዋን ለመንገደኛዋ አቀብሎ ተመለሰ። ከግድግዳው ወዲያ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ! ይህን ቤት ያቆመችው አይጥ! ጦሩ ከሄደ ወዲህ የበላኸው በዚህች ቀዳዳ የገባውን ነው። ብነግርህ በረከት ወጣ ብለህ ቀዳዳዋን ትደፍናታለህ። ይኸው፣ ገባ እንጂ ምን ወጣ?»

ሾፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ ጮኸ፤ «አባት፣ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጉልን እንጂ! እጃችን እኮ ተላጠ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ሳዲቅ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ። በወዲያ በኩል ምድጃው ስለሚነድ ጭቃው ሞቅ ይል ነበር።

«ዕድሜዬን ሁሉ ሪዝቅ ሰጪው አላህ ነው እላለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በልቤ ግን ሰጪው ካምፑ ነበር። አስተግፊሩላህ።»

ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቅዳሴ ነውና ግድግዳው የተበሳው ቅዳሜ ነው። አያ ሳዲቅ «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያዋን ዶማ አሳረፉ፤ የቀረውን አቶ ይሄነው ጨረሱት። ሰኞ ከደሴ የመጣው ሰውዬ አዝሙድ ያለበት ዳቦ ተሰጥቶት ባዶውን ተመለሰ፤ ባዶውን እንኳ አይባልም፣ ለመንገዱ አራት ገዝቷል።

ማመልከቻውም አልቀረም። ይርገዱ ጻፈች፣ አያ ሳዲቅ አጻፉ። ግን «ጦሩ ይመለስልን» አላሉም። ካምፕ ሲተከልም ሲነሣም ነዋሪው አስቀድሞ እንዲነገረው፣ ባዶውን የቀረው ወጥ ቤትና የውሃ ታንከር ለከተማው ወጣት የሙያ መማሪያ እንዲሆን ጠየቁ። መልሱ ገና ነው። መልስ እስኪመጣ ግን የሚጾም የለም፤ ከዚያ ረድፍ አምስት ሱቆች ጓሯቸውን ከፍተዋል፣ ገበሬውም የማሳውን እኩሌታ ወደ ባቄላና ገብስ መልሷል። በአንድ ገዢ የተማመነ ገበያ በአንድ ምሰሶ የቆመ ዳስ ነው፤ ምሰሶው የተነሣ ቀን ሁሉም ይወድቃል። ብዙ ደንበኛ ያለው ግን አንዱ ቢሄድ ያዝናል እንጂ አይራብም።

ሰሞኑን ይርገዱ ለዳቦ መጥታ የፊት በሩም እንደተከፈተ አየች። «አያ ሳዲቅ፣ ያኛውን ለምን አይዘጉትም? ብርድ ያስገባል እኮ።»

«ተይው። ጦሩ የተመለሰ እንደሆነ በዚያ ይገባል» አሉ ዳቦውን እየጠቀለሉላት። «ገብቶ እንደ ሰው ተራውን ይጠብቃል።»