የይስሐቅ ሣር

የትህትና ስልክ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ላይ እንዳለ ጠራ። እሷ ከሥራ ገብታ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ጓሮ ሣር ታጠጣለች። አባቷ አቶ ኃይለልዑል የሰው ስልክ አንስተው አያውቁም። ስሙን ሲያነቡ ግን ከፈለ ነው፤ ሣር በመንከባከብ የሚተዳደረው፣ የሟቹ አማቻቸው የይስሐቅ የልብ ጓደኛ። አነሡት።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ከፈለ? … እኔ ነኝ፣ ኃይለልዑል። እንደምን ከረምክ ልጄ … እግዚአብሔር ይመስገን። … አለች፣ ጓሮ ናት። ውሃ እያጠጣች … ሣሩን ነዋ።

— የምን ፎቶ? … መቼ ላከችልህ? … እ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደጀን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የግብርና ባለሙያ ነበሩ፤ ስንቱን ገበሬ የማዳበሪያ መጠን አስተምረዋል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጡት ይስሐቅ በየካቲት ሲያርፍ ነው፤ ለቀብሩ ባይሆንም ለአርባው ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ፍሪጅ ከፍቶ መዝጋት ሆኗል።

— ምን ብላ ጻፈችልህ? … እስቲ አንብብልኝ። … «ውሃ ረስቼበት ነው ወይ የሞተው?» … እንደሱ አለች?

— አለሁ፣ አለሁ። አንተስ ትሰማኛለህ? … ድምፅህ ይቆራረጣል። እየነዳህ እንዳይሆን። … መንገድ ዳር ቆመሃል? … ይሁን።

— ውሃ አይደለም ትላለህ። … በምን አወቅህ?

በመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመለከቱ። ሣሩ እንዲሁ አልደረቀም። የተቃጠለው ቦታ ከደረጃው እስከ አጥሩ ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ እየሠራ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም ሰው ቆሞ በእጁ ሲበትን የሚደርስበትን ያህል ነው። እሳቸው ይህን ካዩ ቆይተዋል። ፎቶ ላይም ይታያል ብለው ግን አላሰቡም።

— አዎ። በእጅ ነው የተበተነው። … በኔ እጅ። … ሐምሌ አምስት ቀን። … ልንገርህ፣ አታቋርጠኝ።

— ጋራዡ ውስጥ የይስሐቅ ማዳበሪያ ግማሽ ከረጢት ተርፎ አገኘሁ። ሐምሌ ነው፤ እኔ በሐምሌ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ዩሪያ ሳስበትን የኖርኩ ሰው ነኝ። ደመና አየሁ፤ ሊዘንብ ነው አልኩ። ለይስሐቅ መንፈቅ ሰው ሲመጣ ግቢዋ ለምልሞ ይጠብቅ ብዬ … አንዴ በተንኩ፤ አነሰ መሰለኝና ደገምኩት። ጠብታ አልወረደም። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ብቻ።

— የመበተኛውን ጋሪማ ጋራዡ ውስጥ አይቼዋለሁ። ስፕ … ምን አልከው? … እሱ። ወረቀት ተለጥፎበታል፤ እንግሊዝኛ ነው። ልጄን ላለማስቸገር አልጠየቅኩም። … ልዋሽህ እንዴ? ኮርቼ ነው። ስለ ማዳበሪያ እኔ ልጠይቅ?

— ወረቀቱን የጻፈው ይስሐቅ ነው? … በቃልህ ታውቀዋለህ? … ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ።

አንድ የተቀደደ ፖስታ ገልብጠው መጻፍ ጀመሩ። ጽሕፈታቸው አሁንም የሪፖርት ጽሕፈት ነው።

— መስከረም፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ አንዴ። ዘርም ያኔ። … ጥቅምት ማለቂያ ሁለተኛ። … ዋናው ቀለቡ በበልግ የሚሰጠው አይደለም፣ ይኸው የመስከረምና የጥቅምቱ ነው በለኛ። … ከኅዳር መግቢያ በኋላስ? … በሕግ? እስከ የካቲት ማለቂያ? … አሃ፣ ታጥቦ ወንዝ እንዳይገባ። ደግ ሕግ ነው። … ግንቦት፣ ካስፈለገ፣ በጣም ጥቂት።

— ሐምሌ ላይስ ምን ብሎ ጻፈ?

እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

— … «አትንካው»። እሺ።

— ይነሣል ወይ? … ሥሩ የተረፈው ይነሣል፣ ሌላው መስከረም ይዘራል። … ለመንፈቁ ግን አይደርስም። እሑድ እኮ ነው። … አውቃለሁ። አይደርስም።

— አይሆንም፣ ከፈለ። … «ሙቀቱ ነው እላታለሁ» አልክ? ልብህ ደግ ነው። እኔም ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት እንዲሁ እያልኩ ነው። ትናንት እራት ላይ ምን አለች መሰለህ? «አባባ፣ አንድ ሣር ትቶልኝ ቢሄድ እሱንም ገደልኩት» አለች። እኔ ተቀምጬ ጎረስኩ። … አዎ። አፍሬአለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ አፍሬ አላውቅም።

— ቆይ፣ መስኮቱን ልክፈተው። … ትህትና! ትህትናዬ፣ ውሃውን ተዪውና ነይ። … ደህና ነኝ። ነይ ብቻ።

— ከፈለ፣ እንዳትዘጋው። ብቻዬን ከሆንኩ ወሬ እቀይራለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ትህትና ጫማዋ ረጥቦ ገባች። አባቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

— ቁጭ በይ ልጄ። … ከፈለ ነው፣ ፎቶሽን አይቶልሻል። … ውሃ አይደለም። አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ሥራ በሄድሽበት የይስሐቅን ማዳበሪያ አውጥቼ በፀሐይ በተንኩበት። … አዎ፣ ያን ሰሞን። እያወቅሁ ዝም አልኩሽ።

ተነሥታ ወጣች፤ አቶ ኃይለልዑልም በቃ ተቀየመችኝ አሉ በሆዳቸው። ከዚያ የጓሮው ቧንቧ ሲዘጋ ተሰማ። ተመልሳ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ፖስታውን ወደ ራሷ ሳበችው።

— ሄሎ? … አለህ? … ነገርኳት። … ውሃውን ዘግታ መጣች። አጠገቤ ናት፣ ታለቅሳለች። … ተዋት፣ ታልቅስ።

— እ? ምን አልሽኝ? … ይኼ? ግንቦት ነው የሚለው፣ የመጨረሻው። … «ማን ይበትነዋል?» ነው ያልሽኝ?

— … አይ ከፈለ፣ ላንተ አይደለም። ግንቦት የሚለው ላይ ጣቷን አድርጋ እኔን ታያለች። ወደ አገር ቤት የምመለስበት ትኬት ለጳጉሜ እንደሆነ ታውቃለህ። እሷም ታውቃለች።

— … እሺ ልጄ። እሺ አልኩ፣ እቆያለሁ።

— ከፈለ፣ እሑድ ስትመጣ ቀደም በል። ያ ጋሪ እንዴት እንደሚገፋ ታሳየኛለህ። … አዎ፣ እኔ ነኝ የምጠይቅህ። … ደህና ዋል ልጄ።

የስልኩ መዝጊያ ጠፋቸው። ትህትና ዘጋችላቸው።