ክለባችንን ልግዛ ያለው ፈረንጅ

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ስለ ከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ፈረንጁ ክለባችንን ልግዛ ማለቱ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ኮሚቴው ለነገ ስብሰባ ጠርቶናል።»

«ታዲያ ይግዛና ያድነን እንጂ። ዘንድሮ ያላሸነፈን ማን አለ?»

«እኔም እንደዛ ስል ነበር። ቅዳሜ ጨዋታው ላይ አልነበርሽም?»

«ቅዳሜማ ገበያ ነኝ።»

«ዝናቡ ሜዳውን ሐይቅ አድርጎት ነበር። እንደ ልማዳችን ደጋፊው ሁሉ ከየቤቱ ሳፋ ይዞ መጥቶ ውሃውን መቅዳት ጀመረ።»

«ፈረንጁስ?»

«መጀመሪያ ፎቶ አነሳን። ከዚያ ጫማውን አወለቀና ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ሳፋ ስላልነበረው በባርኔጣው ይቀዳ ነበር።»

«በባርኔጣው?»

«በባርኔጣው። ሜዳው እስኪደርቅ ቀና አላለም። አራት ለባዶ ስንሸነፍም እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ቆመ።»

«እንግዲያማ የእኛ ሰው ነው። ይሸጥለት።»

«እኔ ግን ነገ እጄን አውጥቼ አይሸጥለት ነው የምለው።»

«እንዴ፣ ለምን?»

«ከገዛው ውሃውን የሚቀዳ ሠራተኛ ይቀጥራል። እኛ ቤታችን እንቀራለን፣ እሱም ወንበር ላይ ይቀመጣል። እንደሱ ያለ ደጋፊ ማጣት አልፈልግም።»

«ታዲያ ባዶ እጁን ይመለስ?»

«የለም፣ ሳፋ እንሰጠዋለን።»

«እሱን ከእኔ ሱቅ ውሰዱለት። ትልቁን።»

ቤቴ እንደገባሁ፣ የእኛን ሳፋ ገልብጬ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ አየሁ።