ቅጠል ብቻ ያበዛው ሐረግ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በማለዳ ስጓዝ ኦቦ ነገሳን ማጭድ ይዘው ከአጥራቸው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። የቆዩ ወዳጄ ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ነገሳ?»

እንደምን አሉ ማለቴ ነበር። ፀጉራቸው መላጨቱን ሳይ ሐዘን እንዳለ ገባኝ።

«ድንቅቱ ናት» አሉ። «የልጄ ልጅ። ካረፈች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ።»

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ባለፈው ወር እንኳ በዚሁ አጥር ላይ የፈኩትን አበቦች አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ቆጥራልኛለች።

አጥሩን የሸፈነው ሐረግ ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ የመሰለ ሰማያዊ አበባ ይከፍታል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልጋል። ዘሩን ለድንቅቱ ያመጣችላት የኦቦ ነገሳ የወንድም ልጅ ገለቴ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ናት። ለለቅሶ መጥታ፣ አሁን ጥቁር ለብሳ በአጥሩና በማጭዱ መካከል ቆማለች።

«ጋሽ አሥራት፣ እባክዎ እርስዎ ይዳኙን» አለችኝ።

«ምን ዳኛ ያስፈልገዋል?» አሉ ኦቦ ነገሳ። «ጠዋት ፈክቶ ቀትር ሳይደርስ የሚሞት አበባ ደጅ ላይ ይተከላል? ልጅቷ በእጇ ተከለችው፤ ዕድሜዋን እንደራሱ አሳጠረው። ሰኞ ተቅማጥ ያዛት፣ ረቡዕ ቀበርናት። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ወንድሟ ገርባ ሆዴን ይላል። እሱንም እስኪወስድብኝ ልጠብቅ?»

«አባባ፣ አበባው ምን አጠፋ? ከገበያ የምንገዛው ስኳር ድንች እኮ የዚሁ ዘመድ ነው፤ አበባቸው ይመሳሰላል።»

«ስኳር ድንችሽን ራስሽ ብዪው! እዚያ ትምህርት ቤት ምላስ ነው እንዴ የሚስሉት?»

የሐዘን ቤት ባይሆን ፈገግ ባልሁ ነበር። ሽማግሌው ግን አልቀለዱም፤ አጥሩ ወደ ውኃ ጉድጓዱ በሚታጠፍበት በኩል ማጭዱን አነሡ። ገለቴ እጃቸውን ያዘችና ድንገት ጠጋ ብላ ሐረጉን ተመለከተች።

«ቆይ፣ አባባ። እዚህ ጋ አበባ ለምን የለውም?»

እውነቷን ነው። በመንገዱ በኩል፣ ድንጋያማው መሬት ላይ፣ ሐረጉ አበባ ለብሷል። በጉድጓዱ በኩል ግን ቅጠሉ የጎመን ያህል ሰፍቶ አንድም አበባ የለበትም።

«ፍግ ያደርጉበታል?» አለች።

«ለአበባ ፍግ የማባክን መሰልሁሽ?»

«ይህ ሐረግ ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ የማሠልጠኛችን አትክልተኛ ስንት ጊዜ ተቆጥቶናል። እርስዎ ካላደረጉበት፣ ታዲያ ከየት መጣ?»

ሦስታችንም ቀና ብለን ዳገቱን አየን። ከጉድጓዱ በላይ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ክረምት ሳይገባ የተቆፈረ ሽንት ቤት አለ።

የኦቦ ነገሳ እጅ ቀስ እያለ ወረደ።

«የቆፈርሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከመንገድ ቢታይ ነውር ነው ብዬ፣ ወደ ጓሮ...»

«ቆፍሩ ብዬ የጻፍሁልዎት ደግሞ እኔ ነኝ» አለች ገለቴ እንባዋን እየጠረገች። «የት እንደሚቆፈር ግን አልጻፍሁም። ደብዳቤውን ላክሁና አርፌ ተቀመጥሁ።»

ማን ማንን ያጽናና? እኔም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ።

«ውኃው ነው የገደላት ትያለሽ?» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«ብዬ አልምልም፣ አባባ። ሐረጉን ያወፈረው የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ግን ጉድጓዱም ውስጥ ይገባል፤ ገርባ ከዚህ አይጠጣ።»

ሽማግሌው ማጭዱን ጥለው ወደ ቤቱ ዞሩና የልጆቹን እናት ጮኸው ጠሩ፦ «ደራርቱ! እንስራውን ድፊው! ለልጁ ጠብታ እንዳትሰጪው!»

ገርባን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ሽንት ቤቱ ተደፍኖ ሌላ ከቤቱም ከጉድጓዱም በታች ተቆፈረ። የመጠጥ ውኃ ከዳገቱ ራስ ካለው ምንጭ እየተቀዳ፣ ፈልቶ ይጠጣል። ሽንት ቤት መቆፈር ደግ ሥራ ነው፤ ከውኃ በላይ ከተቆፈረ ግን ደግነቱ ወደ ሞት ይዞራል። የሚመክር ሰውም ምክሩን እስከ መጨረሻው ይምከር፤ ገለቴ ይህን በእንባዋ ተምራለች። ሐረጉንም የሚወድ ፍግ በሌለው መሬት ይትከል፤ ዘሩን ግን መርዝነት አለውና ከሕፃናት አፍ ያርቅ።

በኅዳር ወር በዚያው መንገድ ስመለስ ኦቦ ነገሳ ጎህ ሲቀድ ከአጥሩ ሥር ቆመው፣ እንደ ልጅቷ በጣታቸው እየጠቆሙ አበባ ሲቆጥሩ አገኘኋቸው። በጉድጓዱ በኩል ገና አንድም አልፈካም።

«መሬቱ ሲነጻ ይፈካል ብላኛለች ገለቴ» አሉኝ። «በየማለዳው መጥቼ አያለሁ።»