ግድግዳ ያልነበረው ዲስክ

ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትን በድምፅ የሚቀዱት አዛውንት ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ወደ ጠጋኝ ሲወርዱ፣ ደረጃው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት።

«ምነው አጎቴ፣ ፊትዎ ጠቆረብኝ?»

«ተይኝ ልጄ! መጽሐፉን በድምፃቸው የሚያስቀዱት መምህርት የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበቡልኝ፤ ይሄ ጉድ ‹ቦታ የለም› ብሎ ያን ምዕራፍ በሙሉ በላው። ነገ አንዴ ብቻ ይመለሳሉ፤ ከነገ ወዲያ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይኑራቸው አይኑራቸው ሐኪሙም አያውቅ።»

ተያይዘው ተመለሱ። ልጅቷ ብትፈትሸው፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘው ማተሚያ ተበላሽቶ ኖሮ፣ የስህተት መልእክቱን ዲስኩ ላይ ሲደረድር ውሎ ጢም አድርጎ ሞልቶታል።

«ዲስኩን ለምን አልከፋፈሉትም?»

አዛውንቱ ቱግ አሉ። «የአባታችንን ቤት ተካፍለን ምን ተረፈን? ኩርፊያ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የምለው እኔ።»

ወንድማቸው ካኮረፋቸው ብዙ ዘመን አልፏል፤ ቁስሉ ግን ዛሬም ያማቸዋል። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይሄ ውርስ አይደለም አጎቴ። ቤቱ አንድ ነው፤ ጓዳው ነው ለየብቻ የሚሆነው። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ሥርዓት በአንዱ፣ የፕሮግራሞቹ ወሬ፣ ያ የስህተት መልእክት ማለቴ ነው፣ በሌላው፣ ድምፁ በራሱ። እያንዳንዱን በየቦታው ስንገጥመው እርስዎ የሚገቡት እንደ ድሮው በአንድ በር ነው። ወሬኛው ቢያብጥ የራሱን ጓዳ ነው የሚያጣብበው።»

«አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶውን ቢቀመጥስ?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ልጅቷም አላቃለለችውም።

«እውነትዎን ነው፤ በዘፈቀደ ከከፈሉት ያስቆጫል። ስለዚህ የትኛው እንደሚያድግ አስቀድመን እናያለን፤ ጥቂት ቦታም ለማንም ሳንሰጥ እናቆያለን፣ ለጠበበው ማስፊያ። ሥርዓቱ ቢበላሽም እሱን ብቻ እናድሳለን እንጂ ድምፁን አንነካም። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ግን ግድግዳ አያድንም፤ ቅጂው በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት።»

አዛውንቱ፣ «እንግዲያው የድምፁን ጓዳ ሰፋ አድርጊልኝ» አሉ። የቆዩትን ቅጂዎች ወደ ሌላ ዲስክ አሸሽተው፣ ዲስኩን ከፋፍለው ሥርዓቱን እንደ አዲስ ጫኑ።

በማግስቱ መምህርቷ ሲያነቡ፣ ሕመሙ ያልተገኘለት ማተሚያ እንደገና አበደ። ማስጠንቀቂያው ብቅ ሲል አዛውንቱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩ። የሞላው ግን የወሬው ጓዳ ብቻ ነበር፤ ድምፁ መቀዳቱን ቀጠለ። መምህርቷ የመጨረሻውን ገጽ አንብበው መጽሐፉን ከደኑ።

ዛሬ ተማሪዎቹ ምዕራፉን እየደጋገሙ ይሰሙታል። አዛውንቱም ምክር ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ማጣት የማትፈልጉትን ከወሬኛ ጋር አንድ ጓዳ አታስገቡ» ይላሉ። መምህርቷ ከሕክምናው በኋላ አንድ ቀን መጥተው የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቁና ራሳቸውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሊያመሰግኑ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። የአዛውንቱን እጅ ጨብጠው ቆዩ።