የማያረጀው ብሮኮሊ

እትዬ ጽጌ፣ ኮትዎን ይደርቡ እንጂ። የዚህ ሰፈራችን የሬኒየር ቫሊ ዝናብ ያባራ መስሎ መንገድ ላይ ነው የሚቀበለን። ዓብዱረዛቅ መኪናውን ከባቡር ጣቢያው ማዶ ስላቆመው፣ እስኪያመጣው እዚሁ በሩ ላይ እንጠብቀው።

መቼም ነገርን በሥርዓት መያዝ እወዳለሁና፣ ዛሬ በወላጆች ስብሰባው ላይ የነበርነውን ልጥራ፦ እርስዎ የሌዊ አያት፣ ዓብዱረዛቅ የኢብሮ አባት፣ እኔ ሃዲያ የሪሃና እናት… አንዲት ሴትም ነበረች፤ ልጆቻችንን የምትይዝልን፣ ምሳቸውን የምታቀርብልን። ስሟን አልጠራም። ስም ከጠሩ ሐሜት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ላመሰግናት ነው። ከኋላችን ወንበር እያጠፈች ነው መሰለኝ… አይዙሩ፣ አይዙሩ! ሥራ ላይ ያለ ሰው ምን ይሰማል?

እጇ እንዴት ያለ ባለሙያ ነው! ያ በየቀኑ በቫይበር የምትልክልን ሳህን… ምስሩ በአንድ ጥግ፣ የተቆረጠው ፖም በሌላው፣ ወተቱ በብርጭቆ፣ መሐል ላይ ያ ብሮኮሊ። ድሮ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» ይባል ነበር። እኛ ታድለን! ወተቱን በየቀኑ እናየዋለን።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ማነጻጸርን ነውና ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ብሮኮሊው ግራ ጎኑ ላይ የተሸረፈች ቦታ አለችው፤ ልብ ብለዋታል? ቅጠል ሲረግፍ ነበረች፤ የቼሪው ዛፍ ሲያብብም አለች። የሌዊ ጫማ ጠበበው፣ ኢብሮ ጥርስ አበቀለ፣ ብሮኮሊው ግን… እንዴት ያለ ማቀዝቀዣ ቢኖራት ነው? የእኔ እኮ ሳምንት ሳይሞላው ይጠወልጋል።

የልጄ ሐኪም «ሪሃና አይረን አንሷታል፤ ምስርና ቅጠላ ቅጠል ትብላ» ሲሉኝ ተቆጣሁ። ስልኬን አውጥቼ «ይኸው ምሳዋ!» አልኳቸው። አዩት፣ አደነቁ… ከዚያ «ማን በላው?» አሉኝ። ሐኪም ሲባል እንዴት ተጠራጣሪ ነው፣ እትዬ?

በዚያው ዕለት ቤት ስንገባ ምስር በሩዝ አቀረብኩላት። እጇን አልዘረጋችም። «ፒክቸር ፈርስት!» አለችኝ። ፎቶ አነሣሁላት። ይሄኔ ሳህኑን በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ፣ አንዲት ፍሬ ሳታፈስ፣ ወስዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። ተመልሳ ተቀመጠችና «ኦኬ፣ ናው ቺፕስ!» አትለኝም? እንዲህ ያለ ሥርዓት! መጫወቻሽን አንሺ ብያት የማትሰማኝ ልጅ እኮ ናት። ማን እንዲህ አድርጎ አሠለጠናት? «ሆድና ግንባር አይሸሸግም» ይላሉ፤ ሳህን ግን ይሸሸጋል ለካ።

ዛሬ ስብሰባው ላይ ይህን ስናገር አንድ ሰው እንዴት እንደሳለ ሰምተዋል? ጉንፋን ነው፣ ምስኪን። «ልጆች እኮ አትክልት አይወዱም» ማለቷም እውነት ነው። አትክልቱ ከፎቶ ሳይወርድ የት ተዋውቀው ይዋደዱ?

ደግነቱ ውሳኔያችን ለእርሷም ዕረፍት ነው። ከሰኞ ጀምሮ የሞላ ሳህን ፎቶ ቀረ፤ የሚላክልን ልጆቹ በልተው የጨረሱት ባዶ ሳህን ነው። ከእኛም አንዳችን በየተራ ከልጆቹ ጋር ለምሳ እንቀመጣለን። ዓብዱረዛቅ ዴ ሞይን ያለውን የሥራ ፈረቃውን ቀይሮም ቢሆን እመጣለሁ አለ፤ እርስዎ «ተባረኩ» አሉ፤ እርሷም… የሚያዝንላት ሰው ፈልጋ ዞር ዞር ብላ፣ እጇን አወጣች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ! ብሮኮሊውም በክብር ጡረታ ይውጣ፤ ብዙ አገልግሏል።

መኪናው መጣ። ሳንመርቃት ግን አንሄድም፤ እርስዎም አሜን ይበሉ፣ ጮክ ብለው። ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝመው! ጉልበቷ ደክሞ ከአልጋ የዋለች ዕለት፣ ሌዊ፣ ኢብሮና ሪሃና አድገው ይጡሯት፤ ልክ እርሷ እንዳበላቻቸው አድርገው… ያብሏት።